ቲማቲሜ በሙቀት ወቅት ለምን በደንብ አይቀላም?

ጥያቄ፦ መቂ አካባቢ በመስኖ ቲማቲም አለማለሁ። በሚያዝያ ሙቀት አበባው በብዛት ይረግፋል፤ የያዘውም ፍሬ ሲበስል ትከሻው (ከተክሉ ጋር በሚያያዝበት በኩል ያለው ላይኛው ክፍሉ) ቢጫና ጠንካራ ሆኖ ስለሚቀር ነጋዴው ዋጋ ይሰብርብኛል። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን?

መልስ 1፦ ሁለቱ ችግሮች ለየቅል ናቸው። ሙቀቱ ቀን ከ32፣ ሌሊት ደግሞ ከ21 ዲግሪ አልፎ ሲሰነብት የአበባው ብናኝ ስለሚመክን አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ቀለሙን በተመለከተ፣ ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን ከ30 ዲግሪ በላይ መመረቱ በእጅጉ ሲቀንስ ብርቱካንማ ቀለም የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ግን መመረቱን ስለሚቀጥል ፍሬው ወደ ቢጫና ብርቱካንማ ያደላል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ፍሬ ከአየሩም በላይ ስለሚሞቅ፣ እባክዎ ቅጠሉን አብዝተው አይመልምሉ። ከአንድ ተክል ላይ ጥላ ውስጥ ያለውንና ፀሐይ የሚመታውን ፍሬ ቀጥፈው ቢያስተያዩ ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም የፖታሲየም እጥረትም የትከሻውን ችግር ስለሚያባብሰው አፈሩን ያስመርምሩ።

መልስ 3፦ ዘር ሲገዙም ይጠንቀቁ። አንድ ዝርያ ሙቀት ይቋቋማል ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታየው ፍሬ መያዙ ስለሆነ፣ በሙቀት ውስጥ ቀለሙና ጣዕሙ እንዴት እንደሆነ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።