በአመክሮ የተፈታ ሰው የሚኖርበትን ከተማ ለመቀየር ለማን ያመልክት?
ወንድሜ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ ፈጽሞ በአመክሮ ተፈቷል። በእጁ ያለው የመለቀቂያ ወረቀት፣ የአመክሮው ጊዜ እስኪያልቅ አዲስ አበባ እንዲኖርና በየወሩ እየቀረበ እንዲፈርም ያዛል። አሁን ታስሮ ሳለ በተማረው የብየዳ ሙያ የሚቀጥረው ሰው ደብረ ብርሃን አግኝቷል፤ እዚህማ መታሰሩን የሰማ ሁሉ ፊቱን ያዞርበታል። ወረዳው ያለ ደብዳቤ መሸኛ አልሰጥም አለ፤ ማረሚያ ቤቱ ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው ሲል፣ መዝገብ ቤቱ ደግሞ መዝገቡ ተዘግቷል ብሎ ወደ ማረሚያ ቤቱ መለሰን። ሳይፈቀድለት ቢሄድ አመክሮው ተሰርዞ ቀሪውን እስራት እንዲፈጽም ሊታዘዝ ስለሚችል፣ ያንን እንዲሞክር አልፈልግም። የመኖሪያ ቦታ ግዴታው እንዲሻሻልለት አቤቱታውን ማቅረብ ያለብን አመክሮውን ለፈቀደው ችሎት ነው ወይስ ደብረ ብርሃን ላለው ፍርድ ቤት?