የዲጂታል ታካሚ ፕሮፖዛል፣ 3ኛ ረቂቅ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦
3ኛው ረቂቅ ተለጥፏል። ለለጋሹ ፈንድ ማስገቢያው ሰኔ 30 ነው። እስከ ዓርብ ማታ ያልተናገረ ሰው በኋላ "እኔ አልተጠየቅኩም" እንዳይል። የምናስገባው እኛ የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር፣ ዕድሩና የወጣቶች ማኅበሩ አንድ ላይ ስለሆነ ሦስት ማህተም ይፈለጋል። ዓላማው እንደነበረው ነው። የካንሰር ታካሚ አባሎቻችንን የሕክምና ወረቀትና ምስል በፈቃዳቸው ሰብስበን እናደራጃለን፤ ለየታካሚው ዲጂታል ሞዴል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ኮምፒውተሩና ስካነሩ ቁጥር 2 ኮሚናል ይቀመጣሉ። የእኛ መዋጮ ከበጀቱ 10 በመቶ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
10 በመቶው ከየት ሊመጣ ነው? የሚኒባሱን ብር አስባችሁ ከሆነ ከአሁኑ እርሱት። ያ ብር ታካሚ ከቱሉ ዲምቱ ጥቁር አንበሳ ለማመላለስ የተዋጣ ነው። አምናም በዚሁ ተጣልተናል።

ብሎክ 31፦
እኔ እስካሁን አልገባኝም። ዲጂታል ታካሚ ማለት ምንድን ነው? ኮምፒውተር ውስጥ የተኛ በሽተኛ? አክስቴ የምትፈልገው መድኃኒት ነው።

የኮምፒውተር ልጅ፦
በአጭሩ ላስረዳ። የአንድ ሰው ዕጢ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ፣ ደም እንዴት እንደሚደርሰው፣ መድኃኒቱ ምን ያህሉን ሴል እንደሚገድል በሒሳብ ይጻፋል። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቶማስ ያንኪሎቭ ቡድን ይህን በጡት ካንሰር ላይ ይሠራል። ከቀዶ ጥገና በፊት ኪሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴል የሚገድል መድኃኒት፣ የምትወስድ ሴት ሕክምናው ሳይጀመር ኤም.አር.አይ ትነሣለች። ትንሽ እንደወሰደች ደግማ ትነሣለች። ከሁለቱ ምስሎች የእሷ ዕጢ ለመድኃኒቱ የሰጠው መልስ ይታያል። ቁጥሮቹ በእሷ ልክ ይስተካከሉና፣ ኪሞው ሲያልቅ ዕጢው ምን ያህል እንደሚቀር ቀድሞ ይሰላል። አዲስ ምስል በመጣ ቁጥር ስሌቱ ይታደሳል። ቃሊቲ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ የመድረሻውን ሰዓት እንደሚቀይረው ማለት ነው። ስሌቱ ለአማካይ ሰው አይደለም፤ ለአክስትህ ነው።

የፕሮግራሙን ክፍል እኔ እይዘዋለሁ። የስካን ናሙና እስከ እሑድ እለጥፋለሁ።

ሲስተር፦
ያለው ልክ ነው፤ ግን ሰው አታስጎምጁ። ነገሩ ገና ምርምር ላይ ነው። እኛም ሞዴል አንሠራም። የእኛ ሥራ ወረቀቱ ነው። ስንቱ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። የባዮፕሲው፣ ከዕጢው ተቆርጦ የተመረመረው፣ ውጤት አራት ቦታ ታጥፎ ፌስታል ውስጥ ነው። እጥፉ ላይ ቀለሙ ለቅቋል፤ ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን የሚናገረው፣ የሆርሞን ተቀባዩ መስመር አይነበብም። የሲቲ ስካኑ ሲዲ ተጭሯል። የመጀመሪያው ዙር ኪሞ መጠን የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ ልጅ መኪና ስሎበታል። ከዚህ ተነሥቶ ማንም ምንም አያሰላም። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ምዝገባ ግን ስንት ሰው በምን ካንሰር እንደታመመ ለማወቅ ነው። የአንድን ሰው ዕጢ በየዙሩ ለመከታተል የተሠራ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሲስተር፣ ብር ያድናል ወይስ አያድንም? እሱን ንገሪን።

ሲስተር፦
አንድ ቦታ ላይ ያየሁት አለ። ፍሎሪዳ፣ ሞፊት የካንሰር ማዕከል፣ የሮበርት ጌትንቢ ቡድን። የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ላለባቸው ወንዶች አቢራተሮን የሚባል መድኃኒት ይሰጣሉ። የደም ምርመራው፣ ፒ.ኤስ.ኤ የምንለው፣ በግማሽ ሲወርድ መድኃኒቱን ያቆማሉ። ወደ መነሻው ሲመለስ እንደገና ይጀምራሉ። ምክንያቱ በሒሳብ ሞዴል የመጣ ነው። መድኃኒቱ የሚገድላቸውን ሴሎች ጨርሰህ ካጠፋህ፣ መድኃኒት የማይበግራቸው ብቻቸውን ይቀሩና ሜዳው የነሱ ይሆናል። የተወሰኑትን ከተውካቸው ግን ይሻሟቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ሙከራ 11 ሰዎች ነበሩ። የተጠቀሙት መድኃኒት ከተለመደው መጠን ከግማሽ በታች ነው። ትንሽ ሙከራ ነው፤ ግን ለኛ ኪስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል።

ብሎክ 31፦
አጎቴም እኮ ፒ.ኤስ.ኤው ወርዷል። መድኃኒቱን ትንሽ ይተወው በያቸዋ!

ሲስተር፦
በጭራሽ! ሐኪሙ ሳያውቅ አንዲት ፍሬ እንዳያስቀር። ይሄን ነው አታስጎምጁ ያልኩት። ማታ እደውልልሃለሁ።

ዕቃ ቤት፦
ቁጥር 2 ኮሚናል አላችሁ? ድስቶቹስ?

ጸሐፊ፦
የትኞቹ ድስቶች?

ዕቃ ቤት፦
የትኞቹ ይለኛል! የዕድሩ ጎላ ድስቶች፣ ድንኳኑ፣ ብረቶቹ፣ አግዳሚዎቹ፣ ፍራሹ። ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። አንድ ጭልፋ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማን ፈቀደላችሁ?

የወጣቶች ተወካይ፦
እትዬ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ነው። ጥግ ላይ ይገባል።

ዕቃ ቤት፦
ጥጉን አውቀዋለሁ። ጥጉ ላይ ከሰል አለ። ለቅሶ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ሰው ድስት ሊያወጣ ሲጋፋ ኮምፒውተራችሁን ቢያንኮታኩተው ክፈሉ ልትሉን ነው?

ብሎክ 31፦
እውነታቸውን ነው። ባለፈው ድንኳን ሲወጣ አምፖሉ ተሰብሯል። እስካሁን አልተተካም።

የወጣቶች ተወካይ፦
በዓለም ላይ ስለ ዲጂታል ሕክምና ይወራል፤ እኛ ስለ ድስት። ድስቱን ደጅ ማውጣት ነዋ።

ዕቃ ቤት፦
ደጅ! አንተ ልጅ፣ የአባትህ አርባ የተበላው በነዚያ ድስቶች ነው። ሰው ሲሞት ኮምፒውተር ላይ ወጥ ልትሠሩ ነው?

የወጣቶች ተወካይ፦
የአባቴን ነገር እዚህ ምን አመጣው? አባቴ ምን ይዞት እንደሞተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው እንዳይሞት ነው የምንለፋው። የእርስዎ ዕቃ ቤት የሚሠራው ሰው ሲሞት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄስ ከመስመር ያለፈ ነው። አጥፋው።

ብሎክ 8፦
ማንም አያጥፋ። ሁሉም የልቡን ተናግሯል። የአምናውን ያ ድርጅት ማን ነበር ያመጣው? የታካሚ ወረቀት ኮፒ ወስዶ የጠፋው? እስካሁን አንድ ገጽ አልመለሰም። ከድስቱ በፊት እሱ ይነገር።

ሲስተር፦
ተመስገን፣ ቁም ነገር መጣ። ረቂቁ ውስጥ የፈቃድ ቅጽ የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልገው ውስጥ ነው። ለምን እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይር ምን እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ። ቅጹን ማን ያዘጋጃል? በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መሆን አለበት።

ዕቃ ቤት፦
ቁልፉስ ማን ጋ ይሆናል?

የዕድሩ ዳኛ፦
እረፉ እስቲ። ልጄ፣ እትዬን ይቅርታ ጠይቅ። እርስዎም ሙት አያንሡ። ኮሚናሉ ለሁላችንም ይበቃል። በችፑድ ለሁለት ይከፈል። ወዲህ ድስት፣ ወዲያ ኮምፒውተር።

የወጣቶች ተወካይ፦
እትዬ፣ ይቅርታ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበርኩ።

ዕቃ ቤት፦
እኔም ተናድጄ ነው። አባትህ ደግ ሰው ነበር። በችፑድ የሚለው ይሁን፤ ግን ችፑድ እርጥበት አይችልም። ክረምት ሲገባ ከታች ያብጣል።

ብሎክ 8፦
ብሎኬት ይሁን።

ብሎክ 31፦
ብሎኬት ከሆነ ሁለት በር ያስፈልጋል። የብረት በር።

ገንዘብ ያዥ፦
የብረት በር ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ጸሐፊ፦
ፈንዱ "የቦታ ዝግጅት" የሚል መስመር አለው። ከዚያ ሊሸፈን ይችላል። ጨምሬዋለሁ።

ዕቃ ቤት፦
ካልቀረማ መደርደሪያ ጨምርበት። ድስቶቹ መሬት ላይ ናቸው፤ ዝገት በላቸው። የማጠቢያ ገንዳም ቢኖር። ውኃ ከብሎክ 12 በጀሪካን እያስቀዳን ነው የምናጥበው።

የወጣቶች ተወካይ፦
መብራት ሲጠፋ ዩ.ፒ.ኤስ ያስፈልጋል። እሱም አልተጻፈም።

ብሎክ 8፦
የኮምፒውተር ልጅስ የት ገባ? እሑድ አልፏል። ስካን ናሙና አለኝ ብሎ ነበር።

ብሎክ 31፦
ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም።

ሲስተር፦
እስካለን ድረስ አንድ ነገር ላስገባ። ዳራው ላይ "በ2020 እ.ኤ.አ. ግምት በአገራችን በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰው በካንሰር እንደ አዲስ ይያዛል" የሚል አለ። ጥሩ። ግን ለጋሹን የሚያሳምነው እሱ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ይጽፋል። ለምን የእኛ ሰው መረጃ እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። ሞዴሎቹ የሚማሩት ካለው መረጃ ነው፤ ትልልቆቹ የካንሰር ጂን መረጃ ክምችቶች ደግሞ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። ለምሳሌ ታሞክሲፌን የሚባለውን የጡት ካንሰር ክኒን እዩ። እዚህ ሰፈር ስንት ሴት እሱን ትውጣለች። ጉበት ውስጥ ሲ.ዋይ.ፒ.2.ዲ.6 የሚባል ኢንዛይም ነው ወደ ዋናው የሚሠራ መልኩ የሚቀይረው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ትርፍ ቅጂ ነበራቸው፤ ኢንዛይሙ ይበዛላቸዋል ማለት ነው። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ይህ በጣም ጥቂት ነው። እዚያ ሰው ላይ የተስተካከለ ስሌት የእትዬ እገሊትን ጉበት አያውቀውም። ፕሮፖዛላችን እኮ ይሄ ነው! ሌላው ሁሉ ግድግዳ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ጥሩ ነው ሲስተር። የቧንቧው ቁፋሮ ግን ማን ላይ ይደርሳል? አስፋልቱን ያቋርጣል።

ሲስተር፦
አነበብከው?

ገንዘብ ያዥ፦
አንብቤዋለሁ። 29 በመቶ። ቁፋሮው ነው ያሳሰበኝ።

የዕድሩ ዳኛ፦
የሲስተር ሐሳብ ይግባ። ዳራው ላይ፣ አንድ አንቀጽ።

ብሎክ 8፦
እኔ ሌላ ላንሣ። ለምን ይሄን ትተን ቅድመ ምርመራና ክትባት ላይ አንሠራም? የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በ2011 ዓ.ም. በነፃ ተጀምሯል። ልጆቹን ማስከተብ ኮምፒውተር አይፈልግም።

ሲስተር፦
ትክክል ነህ፤ ሁለቱም ይሠራ። ግን ይሄ ጥሪ ለመረጃ ሥራ ነው። ለክትባት ብለህ ብትጽፍ አይቀበሉህም።

ብሎክ 8፦
ለድስት መደርደሪያስ ይቀበላሉ?

ጸሐፊ፦
4ኛ ረቂቅ ተለጥፏል። ርዕሱ "የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ማዕከልና የጋራ ዕቃ ማከማቻ ማሻሻያ" ሆኗል። የዲጂታል ሞዴሉ ምዕራፍ 2 ገብቷል፤ ምዕራፍ 1 ክፍሉ ነው። ብሎኬት፣ ሁለት የብረት በር፣ መደርደሪያ፣ ገንዳና ቧንቧ ሲደመሩ ከኮምፒውተሩና ከስካነሩ በልጠዋል። ስለዚህ ስካነሩን አውጥቼ "በስልክ ካሜራ ይነሣል" ብዬዋለሁ።

ሲስተር፦
በስልክ? የባዮፕሲ ውጤት በስልክ? ጥላ ያረፈበት ፎቶ ላይ ማን ነው ቁጥር የሚያነበው? ሲዲውንስ በስልክ ታነሱታላችሁ? ስካነሩ ካልተመለሰ ስሜን አውጡ። የባለሙያ ተወካይ ብላችሁ እኔን አስገብታችሁ ነው ግድግዳ የምታሠሩበት።

የዕድሩ ዳኛ፦
ስካነሩ ይመለስ። ሲስተር ከወጣች እኔም አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ይመለሳል። ከዚያ ምን ይውጣ?

ዕቃ ቤት፦
መደርደሪያው እንዳይነካ።

የወጣቶች ተወካይ፦
አንዱ የብረት በር ይውጣ። የኮምፒውተሩ ብቻ ብረት ይሁን፣ የድስቱ ያለው በር ይበቃዋል።

ዕቃ ቤት፦
ያለው በር እኮ አይዘጋም። ሁለት ዓመት ሙሉ በድንጋይ አስደግፌ ነው የምይዘው። ማንም አልጠየቀኝም።

ገንዘብ ያዥ፦
ገንዳው ይውጣ። ቧንቧው ከወጣ ቁፋሮም የለም፤ 10 በመቶውም ይቀንሳል። የሚኒባሱን ብር ሳንነካ ከወር መዋጮ ይወጣል።

ዕቃ ቤት፦
ገንዳው ይቅር። ጀሪካኑን ለምደነዋል።

ሲስተር፦
የፈቃድ ቅጹንስ ማን ወሰደው? ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምጠይቀው።

ብሎክ 31፦
የኮምፒውተር ልጅ ነው ሊያዘጋጅ የነበረው መሰለኝ።

ብሎክ 8፦
እሱ ዱባይ ሥራ አገኘ አሉ። ባለፈው ሳምንት ሄዷል።

ሲስተር፦
እንግዲህ የአማርኛውን እኔ እጽፈዋለሁ። የአፋን ኦሮሞውን ብሎክ 8 ይያዘው። ማታ ማታ ነው የምጽፈው፤ አታዋክቡኝ።

ብሎክ 8፦
እሺ፣ ላኪልኝ። የአምናው ወረቀት ሳይመለስ የኛን ቤት ፌስታል ግን አልሰጥም። የሚፈርም ይፈርም።

ጸሐፊ፦
ለብሎኬቱ፣ ለበሮቹና ለመደርደሪያው ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ያለዚያ ፈንዱ አይቀበልም። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ማን ነው?

የወጣቶች ተወካይ፦
ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ።

ብሎክ 31፦
አጎቴን ሐኪም ቤት ይዤ እሄዳለሁ። ሲስተር እንዳለችው ራሱ ይጠይቃል።

ዕቃ ቤት፦
እኔ እወጣለሁ። በሩን እኔ ካልመረጥኩት ቀጭን ላሜራ ያሸክሟችኋል። የታክሲ ግን ማን ይሰጠኛል?

ገንዘብ ያዥ፦
ደረሰኝ ያምጡ።