ዌብሳይታችን ከጉግል ጠፋ፤ ዛሬውኑ እርዱኝ

የማረፊያ ቤቷ (ጠያቂ)፦ ሰላም ሰዎች። ስታዲየም አካባቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ጉግል ላይ አንደኛ ገጽ ነበርን፤ አሁን ስማችንን ራሱ ብጽፍ የሚመጣው ሌላ ሆቴል ነው። የውጭ እንግዶቻችን በዚያ ነው የሚያገኙን። አንድ ሰው «40 ሺህ ብር ክፈሉኝ፣ አንደኛ አደርጋችኋለሁ» ብሎ እስከ ማታ መልስ እየጠበቀ ነው። ልክፈል?

አራዳው፦ 40 ሺህ? እኔ በ20 ሁለተኛ አደርግሻለሁ።

ቲቸር፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንረዳ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ጉግልን በ1998 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁሙ ዋናው ሐሳባቸው ፔጅራንክ ነበር። አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲሰጥ እንደ ድምፅ ይቆጠራል፤ ትልቅ ገጽ የሰጠው ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። ጉግል የእያንዳንዱን ገጽ የፔጅራንክ ነጥብ ለሕዝብ ማሳየት በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለዚህ ዛሬ «ፔጅራንክ እሸጣለሁ» የሚል ካለ...

የማረፊያ ቤቷ፦ እሺ ቲቸር፣ አሁን ምን ላድርግ?

ሜክሲኮ ልጅ፦ ሰርች ኮንሶል ግቢ፣ ጉግል ለዌብሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መሣሪያ ነው።

ኮድ በቡና፦ አትክፈይ። አንደኛ እንደሚያደርግ ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው እንደሌለ ጉግል ራሱ ይናገራል። ሰሞኑን ምን ቀየራችሁ?

የማረፊያ ቤቷ፦ ምንም። ዲዛይኑን ብቻ ነው ያሳደስነው።

አራዳው፦ «ብቻ» 😂

ኮድ በቡና፦ እሱው ነው እህቴ። ጉግል ላይ በእንግሊዝኛ «ሳይት» ብለሽ ሁለት ነጥብ አድርጊና (site:) ክፍት ቦታ ሳትተዪ አድራሻችሁን ጻፊ። ምንም ካልመጣ ደረጃችሁ አልወረደም፤ ከነጭራሹ ከመዝገቡ ወጥታችኋል። ዌብሳይቱ የተሠራበት ፕሮግራም ዎርድፕረስ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚለውን ክፈቺ። ታች በኩል የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡ የምታደርግ ሳጥን አለች። ሠሪዎች ሥራው እስኪያልቅ ምልክት ያደርጉባትና ይረሷታል። ምልክቱን አንሺ፣ ከዚያ በሰርች ኮንሶል ድጋሚ እንዲመዘገብ ጠይቂ። በአንድ ሌሊት አይመለስም። የገጾቹ አድራሻ ከተቀየረ ደግሞ አሮጌዎቹን በ301፣ ማለትም በቋሚ ማዞሪያ፣ ወደ አዲሶቹ አዙሩ።

ቦሌ በታክሲ፦ ለመሆኑ ጉግልን ማን ያያል? ቲክቶክ ላይ ውጡ።

ፒያሳ ነበርኩ፦ ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ከዳካር የሚመጣ ሰው አልጋ በቲክቶክ ይይዛል እንዴ? እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንደኛ ገጽ የነበራችሁት ምን ተብሎ ሲፈለግ ነው? በስማችሁ ከሆነ የመጣው ድሮም የሚያውቃችሁ ሰው ነው። «ሆቴል አዲስ አበባ» በሚለው ደግሞ ትልልቆቹን የአልጋ ማስያዣ ድረ ገጾች አትችሏቸውም። እንግዳ የሚያመጣው «ስታዲየም አካባቢ ማረፊያ» ዓይነቱ ነው። ፈላጊው ጥቂት ነው፣ የመጣው ግን ሊያድር ነው የመጣው። በየትኛው ቃል ስንት ሰው እንደገባ ሰርች ኮንሶል በነፃ ያሳያል። የጉግል ማፕ ገጻችሁስ አለ? እኛ ከፒያሳ ስንነሳ ማፑን ስላላስተካከልን ደንበኛ ፍርስራሹ ጋ ቆሞ ይደውልልን ነበር።

ሜክሲኮ ልጅ፦ ሰርች ኮንሶል ነው መፍትሔው።

ኮድ በቡና፦ ተብሏል ወንድሜ።

የማረፊያ ቤቷ፦ አየሁት፣ ባዶ ነው። ዎርድፕረስ ነው መሰለኝ። ግን ፓስወርዱ የሠራው ልጅ ጋ ነው፣ ስልክ አያነሳም።

ኮድ በቡና፦ ዶሜይኑስ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ስም ነው የተገዛው? ሆስቲንጉንስ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ሰርቨር) ማን ነው የሚከፍለው? በእናንተ ስም ከሆነ ያለ እሱም መግባት ይቻላል።

ካዛንቺስ፦ እኔም ልክ እንደዚህ ሆኖብኛል። መጨረሻው ምን ሆነ?