ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነበርን?

ጠያቂ፦ የሞጣው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት ጎጃም ውስጥ ነው። በቤታችን የነበረው ብቸኛ ሬዲዮ አባቴ ቡናማ የቆዳ ልባስ አልብሶ ከአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ የሚሰቅለው ትራንዚስተር ነበር። ከእርሱ በቀር ማንም አይነካውም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለውን ዝግጅት በሚያስተላልፍበት ሰዓት ግን አውርዶ መደቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እናቴ ቡናውን ታቀራርባለች፤ ጎረቤቱም አንድ በአንድ እየገባ ከግድግዳው ሥር ይቀመጣል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የሰማሁት በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነው። ያን ጊዜ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ስለ ነበርሁ መጽሐፉን ራሱን ያነበብሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ገጹን በገለጥሁ ቁጥር በጆሮዬ የሚመጣው የእርሱ ድምፅ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። እርሱ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣን፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ልዩ ልዩ ተዋንያን እንደ ተጫወቷቸው አጥብቆ ይናገራል፤ እንዲያውም «የሰብለን ድምፅ ሴት ስትናገረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ሁሉም የወጋየሁ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ሌላው ጥያቄዬ፣ ትረካው እጅግ በሚያጓጓበት ቦታ ላይ ድምፁ እየራቀ ሄዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለስ የነበረው ለምን እንደ ሆነ ነው። አባቴ በዚያን ጊዜ ሬዲዮውን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ያዞረው ነበር፤ ሲያዞረውም ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። በዚያ ዘመን ሌላ ምን ምን ታዳምጡ እንደ ነበርም ብታጫውቱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ክርክሩን አንተ ረትተሃል። የተራኪውም፣ የገጸ ባሕርያቱም ድምፅ የወጋየሁ ነው። ቅጂው ዛሬ በየድረ ገጹ ስለሚገኝ ወንድምህን አጠገብህ አስቀምጠህ አሰማው።

ይሁን እንጂ ወንድምህን አትፍረድበት፤ እኔም የአማርኛ መምህር ሆኜ ሳለሁ ለረጅም ጊዜ እንደ እርሱ አምን ነበር። ኋላ ደጋግሜ ሳደምጠው የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ወጋየሁ የሰብለን ንግግር ሲያሰማ ድምፁን አቅጥኖ ሴት ለመምሰል አለመሞከሩን ነው። እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ ሁላችንም እንስቅ ነበር። እርሱ የሚያደርገው ድምፁን ዝቅ፣ አነጋገሩን ረጋ ማድረግና ከቃሉ በፊት ትንሽ ትንፋሽ መተው ብቻ ነው፤ ቀሪውን የሚጨርሰው የአድማጩ ጆሮ ነው። ፊታውራሪው ሲመጡ ንግግሩ ይከብዳል፤ ጉዱ ካሣ ሲመጣ ደግሞ ይፈጥናል፣ ያሽሟጥጣል። ወንድምህ ሰማሁ የሚላት ሴት እንግዲህ እርሱ ራሱ የፈጠራት ናት ማለት ነው።

የመጽሐፉ አጻጻፍም ለዚህ የተመቸ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልቦለድ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ረጅም ረጅም ንግግር ያደርጋሉ፤ ይሟገታሉ፣ ይመክራሉ፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። በዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው እነዚህን ቦታዎች ሊዘላቸው ይችላል፤ ልምድ ያለው የመድረክ ሰው እጅ ሲገቡ ግን ዋናዎቹ ቦታዎች እነርሱ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ የጎጃሙ አነጋገር በጽሑፍ ላይ ጸጥ ብሎ የተኛ ነው፤ ነፍስ የሚዘራው ሲነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ እኔ በአንድ የገጠር ቀበሌ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል የልጅ ልጅ ያዩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ማንበብ እንደ ቻሉ መጀመሪያ የጠየቁኝ መጽሐፍ ይኸው ነበር፤ «በዛብህ ከማንኩሳ የወጣበትን ቦታ አሳየኝ» አሉኝ። ታሪኩን ሰው አውርቶላቸው በቃላቸው ያውቁት ነበርና ያነቡት የነበረው እየተማሩ ሳይሆን እየመሰከሩ ነበር። ትረካው በሬዲዮ ሲተላለፍ የእርሳቸውን ፊት አስብ ነበር።

መልስ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ

ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ሙያ ስለ ሆነ ልመልስ። መርካቶ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሬዲዮ ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ከደንበኞቼም ግማሾቹ «ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል» ብለው ደህና ሬዲዮ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር።

ሞገዱ ከማሠራጫው ተነሥቶ ወደ እናንተ ቤት የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ምድርን ታክኮ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ላይ ወጥቶ ከምድር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለው፣ በፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ በተሞላው የአየር ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል። ቀን ቀን የዚህ ንብርብር የታችኛው ክፍል የመካከለኛ ሞገድን እየዋጠ ስለሚያስቀረው ሩቅ ያለ ሰው አጥርቶ አይሰማም። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ክፍል ይጠፋና ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ነጥሮ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ ማታ ማታ የካርቱምና የጅዳ ጣቢያዎች ሳይጠሩ ይመጡ የነበረው ለዚህ ነው። ችግሩ ሁለቱ መንገዶች እኩል አለመሆናቸው ነው። በተለያየ መንገድ የመጡት ሞገዶች አንዳንድ ጊዜ ተደጋግፈው ድምፁን ያጎሉታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። የላይኛው ንብርብር ስለማይረጋ መጉላቱና መጥፋቱ ይፈራረቃል። በአጭር ሞገድም ነገሩ ይኸው ነው። ታሪኩ ሲያጓጓ ብቻ የሚጠፋ የሚመስላችሁ፣ በሌላ ጊዜ ሲጠፋ ልብ ስለማትሉት ነው።

አባትዎ ሬዲዮውን ማዞራቸው ግን ሙያ ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራው አንቴና የሚጎተተው ብረት አይደለም፤ ሬዲዮው ውስጥ የተጋደመ፣ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ነው። ዘንጉ ጎኑን ወደ ጣቢያው ሲሰጥ አጥርቶ ይቀበላል፤ ጫፉን ሲሰጥ ግን ይደክማል። ስለዚህ ሬዲዮውን በመጠኑ ማዞር የሚሻለውን ጣቢያ ማጉላት ብቻ ሳይሆን የሚረብሸውንም ማዳከም ነው። ብረቱን ሽቅብ እየጎተቱ የሚሰብሩት ሰዎች ግን እንጀራዬ ነበሩ።

ስለ ድንጋዩም ልናገር። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ከንቱ እምነት ነው የሚሉ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲሞቅ ሥራው ስለሚፈጥን ጥቂት ኃይል ይሰጣል፤ ለአንድ ምሽት ትረካ ይበቃ ይሆናል። በጥርስ መንከሱን ግን እባካችሁ ተዉት፤ ከውስጡ የሚወጣው ነገር አፍ ያቆስላል።

መልስ፦ የሳሪሷ

ነፋስ ስልክ ሠፈር ለምን ነፋስ ስልክ እንደ ተባለ የማያውቁ ወጣቶች ስላጋጠሙኝ፣ ከዋናው ጥያቄ ብዙም ሳልርቅ ይህን ላንሣ። ከጣሊያን ወረራ በፊት እዚያ የተተከለውን ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ «የነፋስ ስልክ» አለው። ለሬዲዮ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ስም ማን ያወጣል? ጣቢያው አለፈ፤ ስሙ ለሠፈሩ ቀረ።

እኔ ግን በልጅነቴ ከሁሉ አብልጬ የማዳምጠው ብሥራተ ወንጌልን ነበር። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው ይህ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በስዋሂሊ፣ በዐረብኛ፣ በፋርስኛ፣ በሂንዲና በሌሎችም ቋንቋዎች ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ከጧት እስከ ማታ የሚሰበክበት ይመስለዋል፤ አብዛኛው ዝግጅት ግን ዜና፣ ሙዚቃ፣ የጤናና የቤት አያያዝ ትምህርት ነበር። አያቴ የምትኖረው ለኦርቶዶክስ ሃይማኖቷ ነው፤ ጣቢያውን ግን «ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው» ትለው ነበር። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ማሠራጫው ያው ሆኖ ሳለ የሚናገረው ሲለወጥ፣ አንድ የምታውቁት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ የመኖር ያህል ነበር።

መልስ፦ ከኮሎኝ

ከአገር ከወጣሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው አሁን ከምኖርበት ከዚህ ከተማ እንደ ሆነ ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ «ጀርመን ድምፅ» ማለት ለእኔ የሰዓት ስም ነበር፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ የጀመረው ዘግይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበረ። በደርግ ጊዜ እናቴ ሬዲዮውን ጋቢ ውስጥ ሸፍና፣ ጆሮዋን ለጥፋ ነበር የምታዳምጠው፤ ከዚያ ለአባቴ በሹክሹክታ ትደግምለታለች። እርሷም ስትደግም የጋዜጠኛውን ድምፅ ሳታውቀው ታስመስለው ነበር። የወጋየሁ ነገር ሲነሣ ይህ ትዝ አለኝ።

መልስ፦ ካታንጋ

ስለ አንድ ሰው ድምፅ ከተነሣ ደምሴ ዳምጤ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያና ዚምባብዌ ለምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ተጋጥመው 1 ለ 1 ከተለያዩ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 ስናሸንፍ እኔ ሜዳው ውስጥ ነበርሁ። ሜዳ ተገኝቶ ሬዲዮ ከጆሮው የማይለይ ሰው ያኔ ብዙ ነበር፤ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ሰው በመጨረሻዎቹ ምቶች ጊዜ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ያዳምጥ ጀመር። «ለምን አታይም?» ብለው «ደምሴ ይይልኝ፤ እኔ አልችልም» አለኝ። የደምሴን ዘገባ በኋላ በቅጂ ስሰማው፣ እኔ በዓይኔ ካየሁት ይልቅ እርሱ የተናገረው በልቤ ቀርቶ አገኘሁት። የትኛውን እንዳየሁ፣ የትኛውን እንደ ሰማሁ ዛሬ ለይቼ መናገር አልችልም፤ የጠያቂው ወንድም የተቸገረበትም ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

መልስ፦ የ90ዎቹ ልጅ

ከእናንተ በኋላ የመጣሁ ብሆንም አንድ ልበል። የእኛ ዘመን ትዝታ በ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ ነው። 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ከ15,000 በላይ ደብዳቤም ከአድማጮች ደርሶታል። ይህ ብዙ ተዋንያን ያሉት ስለ ነበር የባለታሪኳ የፍክርተ ድምፅ በእውነት የሴት ነው። የጠያቂው ወንድም የዚህን ትዝታ ከዚያኛው ጋር ቀላቅሎት እንዳይሆን ብዬ ጠረጠርሁ።

ጠያቂው፦ የሞጣው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር እንዳሉት ቅጂውን ፈልጌ ትናንት ማታ ለወንድሜ በስልክ አሰማሁት። ሰብለ ስትናገር ዝም ብሎ አዳመጠና «እርግጥ የእርሱ ድምፅ ነው፤ ግን ይህ እኔ የሰማሁት አይደለም» አለኝ። የ90ዎቹ ልጅ ያቀረቡትንም ግምት ነገርሁት፤ እርሱ ግን በ1994 ዓ.ም. ጂዳ ሠራተኛ ስለ ነበር ድራማውን አልሰማውም።

ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። የአባቴ ሬዲዮ እስከ ዛሬ እናቴ ዘንድ አለ። ድንጋይ ሲገባለት ይሽሻል እንጂ ጣቢያ አይዝም። የውስጡ ዘንግ ተሰብሮ ይሆን? ወይስ ሽቦው?

መልስ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ

የሚሽሽ ከሆነ ድምፅ ማጉያው ደህና ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የባንድ መቀየሪያውን ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሱት፤ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ይዝጋል። ያ ካልሠራ ጀርባውን በጥንቃቄ ከፍተው ከዘንጉ የሚወጡትን ቀጫጭን ሽቦዎች ይመልከቱ፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፣ አንዱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን አይጎትቱት፤ እንደ ሸክላ ነው፣ ይሰበራል።