የኤስቪቲ አብሌሽን ቀን፦ ከኢፒ ላብ ቴክኖሎጂስት ምን ይጠበቃል?

ሞኒተር_ሩም
ሰላም ለሁላችሁ። ቴሌሜትሪ ላይ ኢሲጂ ሳነብ ቆይቼ በሚቀጥለው ወር እዚሁ አሜሪካ ባለ ሆስፒታል ወደ ኢፒ ላብ (የልብ ኤሌክትሪክ ጥናት ክፍል) እዛወራለሁ። መጀመሪያ የምገባባቸው ኬዞች የኤስቪቲ (ከታችኛው የልብ ክፍል፣ ከቬንትሪክል፣ በላይ የሚነሳ ፈጣን ምት) ጥናትና አብሌሽን (መንስኤውን ሥጋ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ማጥፋት) ናቸው፤ አብዛኞቹ ኤቪኤንአርቲ (ምቱ በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ባለው መተላለፊያ፣ በኤቪ ኖድ፣ የሚዞርበት)። የገጽ ኢሲጂ አያስቸግረኝም፤ ልብ ውስጥ ካለው ካቴተር የሚመጣው ሲግናል ግን አዲሴ ነው። ኖይዝ (ሲግናሉን የሚረብሽ ጣልቃ ገብ) ሲመጣ ከየት ልጀምር? ስቲሙሌተሩ (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታው፣ ፔስ የሚያደርገው ማሽን) ላይ ስቀመጥ ምን ምን እያልኩ ልጥራ? አብሌሽኑ ሲበራስ ዓይኔ የት ይሁን? ዶክተሩ «አጥፊ» ሳይለኝ ማጥፋት ያለብኝ ጊዜ አለ? እህታችሁ ነኝ፣ አመሰግናለሁ።

ሰማያዊ_ኬብል
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከኖይዙ ልጀምር፤ ሲግናሉ ካልጠራ የቀረው ሁሉ ግምት ነውና።

ኖይዝ እንዳየሽ እጅሽን ወደ ፊልተሩ አትስደጂ። መጀመሪያ ስንት ቻነል ላይ እንደሆነ እዪ። የገጽ ኢሲጂው በሙሉ ከተበላሸ የቀኝ እግር ኤሌክትሮዱን ፈትሺ። ከቪ1 እስከ ቪ6 ያሉት አንድ ላይ ከታወኩ ደግሞ ደረት ላይ ያሉትን ስድስቱን ለመቀየር አትድከሚ። የእነሱ ማነጻጸሪያ የሚገኘው ከሁለቱ እጆችና ከግራ እግር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲላላ ስድስቱም ይታወካሉ፣ ከዚያ ማነጻጸሪያ ጋር የተያያዙ ዩኒፖላር (በአንድ የካቴተር ኤሌክትሮድ ብቻ የሚለኩ) ቻነሎችም አብረው። አንድ የካቴተር ቻነል ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ከካቴተሩ እስከ ጃንክሽን ቦክሱ (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ባለው መንገድ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ማገናኛው ውስጥ ሳላይን (የጨው ውኃ) ገብቶ ነው፤ አድርቂው። ካልተወ ኬብሉን ቀይሪ። ኖይዙ በአዲሱ ኬብል ከጠፋ ጥፋተኛው የድሮው ኬብል ነው፤ ካልጠፋ ፒኑን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክተሽ ካቴተሩ ይሁን ቦክሱ ትለያለሽ።

ሁሉም ቻነል ላይ ካለ ምንጩ ክፍሉ ውስጥ ነው፦ የታካሚው ማሞቂያ፣ የአልጋው ሞተር፣ አልትራሳውንዱ። ነርሷንና ዶክተሩን አሳውቀሽ ለጊዜው የማያስፈልገውን አንድ በአንድ ከሶኬት ንቀዪ። የመብራት ገመድና የካቴተር ኬብል ጎን ለጎን መሄድ የለባቸውም፤ መሻገር ካለባቸው እንደ መስቀል ይሻገሩ።

ኖች ፊልተርን (የመብራት መስመሩን ድግግሞሽ የሚቆርጠውን) የመጨረሻ አማራጭ አድርጊው። ስለታም ሲግናል ሲያልፍበት ከኋላው የሌለ ሞገድ ይጨምራል፤ ያ ሞገድ የተቆራረጠ የልብ ሲግናል መስሎ ሰው ያሳስታል። ለባይፖላር (በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ለሚለኩ) የካቴተር ቻነሎች የተለመደው ከ30 እስከ 500 ኸርዝ ነው፤ ለገጽ ኢሲጂ ከ0.05 እስከ 100።

አብዛኛው ኖይዝ ግን ታካሚው ሳይሸፈን በፊት የሚከላከሉት ነው። ፀጉሩን ላጪ፣ በአልኮል ጥረጊ፣ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ በደረቅ ጋዝ ፈተግ አድርጊና ከዚያ ለጥፊ። ስቴራይል ጨርቁ ከተዘረጋ በኋላ ከሥሩ ገብቶ ኤሌክትሮድ መፈለግ ለማንም አይበጅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከኖይዝም የከፋ ስለሆነ። ሲኤስ ካቴተሩ (ኮሮናሪ ሳይነስ በሚባለው የልብ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው) ላይ ጫፉ 1-2 ነው፣ በኮሮናሪ ሳይነሱ አፍ በኩል ያለው 9-10። ፒኖቹ ተገልብጠው ከተሰኩ ሲግናሉ ጥርት ያለ ሆኖ ትርጉሙ ግን ይገለበጣል፤ ተራ ኤቪኤንአርቲ የግራ ተጨማሪ መንገድ (በላይኛው ክፍል፣ በኤትሪየም፣ እና በቬንትሪክል መካከል ያለ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ) ይመስላል፣ ያለ ምክንያትም ወደ ግራ ኤትሪየም ሊያስኬድ ይችላል። ስለዚህ ታካሚው በሳይነስ (በመደበኛው) ምት ላይ እያለ 9-10 ቀድሞ፣ 1-2 ዘግይቶ መምጣቱን አረጋግጪ። ተቃራኒውን ካየሽ ከምርመራው በፊት ፒኑን እዪ።

ሃይፋ_ላብ
እዚህ እስራኤል የመብራት መስመሩ 50 ኸርዝ ነው፣ አሜሪካ 60፣ ኢትዮጵያም 50። የኖች ፊልተሩ ምርጫ ከአገሩ መስመር ጋር ካልገጠመ ምንም አይሠራም። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን አዲስ አበባ የሚተክል ሰው ይህን ቀድሞ ይይ።

ኤስ1ኤስ2
ስለ ስቲሙሌሽን እኔ ልመልስ። ከየትኛውም ቦታ ከመጀመርሽ በፊት ትሬሾልዱን (ልቡ መልስ የሚሰጥበትን ትንሹን ኃይል) ለኪ፤ ከዚያ በእጥፉ፣ በ2 ሚሊሰከንድ ስፋት ስጪ። ትሬሾልዱ ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ ካቴተሩ ግድግዳውን በደንብ አልነካም ማለት ነው፤ ኃይል ከመጨመር ቦታ እንዲስተካከል ጠይቂ።

ፔስ ከማድረግሽ በፊት ኤኤችና ኤችቪ ይለካሉ (ኤ የኤትሪየም፣ ኤች ከኤቪ ኖዱ በታች ያለው የሂስ፣ ቪ የቬንትሪክል ሲግናል ነው)፣ ስዊፑ (ሲግናሉ ስክሪኑ ላይ የሚሮጥበት ፍጥነት) 100 ወይም 200 ሚሊሜትር በሰከንድ ሆኖ። ኤኤች የሚለካው በሂስ ካቴተሩ ላይ ነው፣ ከኤው መነሻ እስከ ኤቹ መነሻ። ኤችቪ ግን ከኤቹ መነሻ እስከ መጀመሪያው የቬንትሪክል እንቅስቃሴ ነው፣ የገጽ ኢሲጂውን ጨምሮ በየትኛውም ቻነል ይታይ። ብዙ ጀማሪ እዚያው ሂስ ቻነል ላይ ያለውን ቪ ይዞ ይሳሳታል። ጤናማው ኤችቪ ከ35 እስከ 55 ሚሊሰከንድ ነው። ከ30 በታች ካነበብሽ ወይ ፕሪኤክሳይቴሽን (ቬንትሪክሉ በትርፍ መንገድ ቀድሞ መነሳቱ) አለ፣ ወይ የያዝሽው ሂስን ሳይሆን የቀኝ ባንድልን (የሂስን የቀኝ ቅርንጫፍ) ነው።

ከኤትሪየም ስትጀምሪ 8 ምት ኤስ1 (ቋሚ ምት) በ600 ወይም በ500 ሚሊሰከንድ፣ ከዚያ አንድ ኤስ2 (ቀድሞ የሚመጣ ትርፍ ምት)፤ ኤስ2ውን በየዙሩ 10 ሚሊሰከንድ እየቀነስሽ ትወርጃለሽ። በየዙሩ ኤኤቹን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጥሪ። ኤስ2 10 ብቻ ቀንሶ ኤኤቹ በ50 ወይም ከዚያ በላይ ከዘለለ «ጃምፕ» በይ፤ ኤቪ ኖዱ ከፈጣኑ መንገድ ሌላ ዝግተኛ መንገድ እንዳለው የሚጠቁመው እሱ ነው። ኢኮ (ምቱ ተመልሶ ኤትሪየሙን ሲመታ) ካለም ተናገሪ።

ማቆሚያው ላይ ደግሞ ሁለት ነገር እንዳይምታታብሽ። ከኤስ2 ስፓይክ በኋላ ኤ ኖሮ ኤች ከሌለ የደረስሽው የኤቪ ኖድ ኢአርፒ (ለኤስ2 መልስ መስጠት የሚያቆምበት ጊዜ) ላይ ነው። ኤው ራሱ ከሌለ የኤትሪየሙ ኢአርፒ ነው፤ ስለ ኖዱ ምንም አልነገረሽም። ሪፖርቱ ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ሲጻፍ አይቻለሁና አደራ። ቬንትሪክል ላይ ብዙ ላቦች ከ200 ሚሊሰከንድ በታች አይወርዱም፣ ቪኤፍ (ቬንትሪክሉ ዝም ብሎ የሚርገበገብበት አደገኛ ምት) እንዳይነሳ።

ታኪካርዲያው (ፈጣኑ ምት) ሲነሳ ቶሎ ሴፕታል ቪኤውን (በልብ መሃል ግድግዳ ላይ ከቪ እስከ ኤ ያለውን ጊዜ) ለኪ። ከ70 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ በተጨማሪ መንገድ የሚዞር ታኪካርዲያ አይደለም ማለት ይቻላል።

ሮድ_አብሌሽን
«አጥፊ ሳይባል» ላልሽው፦ አዎ አለ። ጀነሬተሩን (ለአብሌሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ማሽን) የሚያበራውና የሚያጠፋው ማን እንደሆነ ከኬዙ በፊት ከዶክተሩ ጋር ተነጋገሪ፣ ምልክቶቹንም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

አብሌሽኑ ከመብራቱ በፊት የአብሌሽን ካቴተሩን ጫፍ ቻነል እዪ። ትንሽ ኤ እና ትልቅ ቪ ይጠበቃል። ሂስ ከታየሽ «ሂስ አለ» በይ፤ እዚያ ላይ አይበራም። የጀርባ ፓቹ ፀጉርና እርጥበት በሌለበት፣ ሥጋ በበዛበት ቦታ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ አለበት። ጠርዙ ከተነሳ ኃይሉ በቀረው ጥቂት ቦታ ላይ ተከማችቶ ቆዳ ያቃጥላል።

ለዝግተኛው መንገድ ውኃ በሌለው የ4 ሚሊሜትር ካቴተር የተለመደው ጣሪያ 50 ዋት፣ 60 ዲግሪ፣ 60 ሰከንድ ነው። ሲበራ ጀንክሽናል ምት (ከኤቪ ኖዱ አካባቢ የሚነሳ ምት) መምጣቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ 20 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ካልመጣ አብዛኛው ዶክተር ቦታ ይቀይራል። አንቺ የምትቆጥሪው ግን ጀንክሽናሉን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ኤ ነው። ከእያንዳንዱ ጀንክሽናል ምት በኋላ ኤ መከተል አለበት። አንዱ እንኳ ያለ ኤ ካለፈ፣ ወይም በሳይነስ ላይ ፒአሩ (በገጽ ኢሲጂው ላይ ከኤትሪየም እስከ ቬንትሪክል ያለው ጊዜ) ከረዘመ፣ ወዲያው አጥፊ፤ ፈጣኑ መንገድ ወይም ራሱ ኖዱ እየተጎዳ ነው። ጀንክሽናሉ በጣም ከፈጠነም፣ ሳይክሉ (በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ) ከ350 ሚሊሰከንድ በታች ሲሆን፣ አጥፊ። አጥፍተሽ ስህተት ቢሆን እንደገና ይበራል፤ ዘግይተሽ ኖዱ ቢሄድ ግን ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ፔስሜከር ይዞ ይኖራል።

ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪኩ ያለው መቋቋም) ከ5 እስከ 10 ኦም ሲወርድ ሥጋው እየሞቀ ነው። በድንገት ወደ ላይ ከወጣ ጫፉ ላይ ደም ረግቷል፤ አጥፊ፣ ካቴተሩ ወጥቶ ጫፉ ይጠረግ።

ሞኒተር_ሩም
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ታካሚው ከመነሻውም ከቬንትሪክል ወደ ኤትሪየም የማያስተላልፍ ከሆነ ያ የኤው ምልክት ምን ይሆናል?

ሮድ_አብሌሽን
ጥሩ አየሽ። አይሠራም። ለዚህ ነው ከአብሌሽን በፊት ቬንትሪክሉን ፔስ አድርገን ቪኤ መተላለፍ መኖሩን የምናረጋግጠው። ከሌለ፣ ጀንክሽናሉ ሲመጣ ኤትሪየሙን ከእሱ ፈጠን አድርገሽ ፔስ አድርጊና እያንዳንዱ ኤ ወደ ቬንትሪክል መውረዱን ተከታተዪ። ኤኤቹ ከረዘመ ወይም አንድ ምት ከወደቀ አጥፊ። ክራዮ (በቅዝቃዜ የሚሠራ አብሌሽን) ባለበት ላብ ዶክተሩ እሱን ሊመርጥ ይችላል፤ −30 ዲግሪ ላይ ሞክሮ ኖዱ ከተነካ ማሞቅና መመለስ ይቻላልና።

ሰማያዊ_ኬብል
አንድ የረሳሁት፦ የዲፊብሪሌተር ፓዶቹ ሽፋኑ ሳይዘረጋ ይለጠፉ፣ ማሽኑም ተፈትኖ ይቁም። ምት ላለው ታኪካርዲያ ሲንክ (ሾኩን ከልቡ ምት ጋር የሚያገጥመው) ይበራል። ቪኤፍ ከሆነ ግን ሲንኩ መጥፋቱን እዪ፤ ማሽኑ የሌለ አር (የቬንትሪክሉን ምት ሹል ሞገድ) ሲፈልግ አይተኩስም። ብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ ከአንድ ሲንክ ሾክ በኋላ ራሳቸው ሲንኩን ያጠፉታል፤ ሁለተኛ ካስፈለገ እንደገና ተጭነሽ አር ላይ ምልክቱን ማየት አለብሽ።

የምስክር ወረቀቱን ሳትጠይቂ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ የሲሲአይ (የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት) አርሲኢኤስ የተባለው የኢፒ ምስክር ወረቀት አለ፣ የአይቢኤችአርኢ (ሌላ ፈታኝ ቦርድ) የኢፒ ፈተናም አለ። ሆስፒታልሽ የትኛውን እንደሚቀበል ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ።