የሚኒስቴሮችን መዋቅር ለውጥ ከነጋሪት ጋዜጣ ስመዘግብ ዓመቱ አልገጥም አለኝ

ተማሪው (ስድስት ኪሎ)
ሰላም ለቤቱ። ለማስተርስ ጥናቴ ከ1987 እስከ 2014 ዓ.ም የፌዴራል ሚኒስቴሮች እንዴት እንደተቋቋሙ፣ እንደተዋሃዱና እንደፈረሱ ኤክሴል ላይ እየመዘገብኩ ነው። መነሻዬ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የወሰኑት አዋጆች ናቸው፦ 4/1987፣ 256/1994፣ 471/1998፣ 691/2003፣ 916/2008፣ 1097/2011 እና 1263/2014። ቀኖቹ ይዘበራረቁብኛል፤ ከእንግሊዝኛ ጽሑፎች ጋር ሳመሳክርም ዓመቱ አንዴ ይገጥማል አንዴ አይገጥምም። ስሙ የተቀየረ መሥሪያ ቤትስ እንደ አዲስ ይቆጠራል?

ዶሴ
ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ስትቀይር በሁሉም ላይ 8 እየደመርክ ይመስለኛል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የሚደመረው 7 ነው (ጳጉሜ 6 ከዋለች በኋላ ባለው ዓመት እስከ ታኅሣሥ 21)። 1097/2011 የወጣው ኅዳር ላይ ስለሆነ በእንግሊዝኛው 1097/2018 ነው፤ የምርጫው አዋጅ 1162/2011 ግን 1162/2019 ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም የአንድ ዓመት ናቸው።

ኤክሴል ደግሞ የኛን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2011 ብለህ ስታስገባ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ወስዶ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ይሄኛው እንኳን በዓይን ይታያል። 25/2/2011ን ግን ኮምፒውተርህ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ከሆነ ምንም ሳይል ፌብሩዋሪ 25 ያደርግልሃል፤ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ በቁጥር አስገባ፤ የፈረንጁን ቀን በአራተኛ ዓምድ ለብቻው አስቀምጥ።

የትኛውን ቀን እንደምትወስድም አሁኑኑ ወስን። ምክር ቤቱ ያጸደቀበት፣ ፕሬዚዳንቱ የፈረሙበትና ጋዜጣው የታተመበት ቀን ይለያያሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ለፊርማው ብቻ 15 ቀን ተሰጥቷል። በ2011 ግማሹ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ሹመቱ የጸደቀው ጥቅምት 6 ሲሆን አዋጁ (1097/2011) ጋዜጣ ላይ የወጣው በቀጣዩ ወር ነው። እኔ ብሆን የታተመበትን ዋና አድርጌ የጸደቀበትን ከጎኑ እይዛለሁ።

አንቀጽ በአንቀጽ
ስሙን ተወውና «የመብትና ግዴታ መተላለፍ» የሚለውን አንቀጽ ፈልግ፤ ብዙውን ጊዜ ወደ አዋጁ መጨረሻ ነው። የማን ሥራ ለማን እንደተላለፈ የሚነግርህ እሱ ነው። ቀጥለህ የድሮውንና የአዲሱን ሥልጣንና ተግባር ዝርዝር ጎን ለጎን አንብብ። «ስም ተቀየረ»፣ «ተዋሃደ»፣ «ተከፈለ»፣ «ደረጃው ተለወጠ» እና «ፈረሰ» የተለያየ ኮድ ይኑራቸው። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቀርቶ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ስሙም ደረጃውም ነው የተለወጠው፤ በአንድ ኮድ ካለፍከው ግማሹ ነገር ይጠፋል።

ሌላው፣ የዘረዘርካቸው ሰባቱ ብቻቸውን አይበቁም። ፍትሕ ሚኒስቴር በ916/2008 ውስጥ አለ። በዚያው ዓመት ግን በአዋጅ 943/2008 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ በ1263/2014 ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ። ትልልቆቹን ብቻ ካነበብክ ለውጡን 2011 ላይ ትመዘግበዋለህ። የማሻሻያና የማቋቋሚያ አዋጆቹንም በቁጥር ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ማለፍ ግድ ነው። አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ ግን የለውም።

ተማሪው (ስድስት ኪሎ)
እግዜር ይስጥልኝ። የጋዜጣውን ስካን በሶፍትዌር ወደ ጽሑፍ መቀየሩስ ያዋጣል?

ዶሴ
እንዳለ ካስገባኸው አያዋጣም። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለታተሙ መስመሮቹ ይደባለቃሉ፤ መጀመሪያ ገጹን ለሁለት ቁረጠው። የግዕዝ ቁጥሮቹን በዓይንህ አረጋግጥ፤ ፪፻፶፮/፲፱፻፺፬ ዓይነቱ ላይ አንዲት ምልክት ብትሳሳት ሌላ አዋጅ ነው የምታገኘው። ሁለቱ ዓምዶች ሐሳባቸው ከተለያየ አማርኛውን ያዝ፤ በአዋጅ 3/1987 መሠረት የበላይነት ያለው እሱ ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ
ማብራሪያ ፍለጋ ወደ መሥሪያ ቤቶቹ የምትሄድ ከሆነ ከትምህርት ክፍልህ የምትወስደው የትብብር ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» አይበል። ለየመሥሪያ ቤቱ በስሙ ይጻፍልህ። መዝገብ ቤት አስገብተህ ገቢ ቁጥሩን ያዝ፤ ለማን እንደተመራ ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚሉህ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ነው።