ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፎቶ ላይ «ምንጭ፦ ጉግል» ማለት ይበቃል?

የአዘዞዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጎንደር ቅርሶች የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ አለኝ፤ የአስጎብኚዎች ማስታወቂያም እንለጥፍበታለን። ለጥምቀት ስለ ፋሲል መዋኛ ተከታታይ ጽሑፍ ላወጣ ነው። ያወረድኩትን ፎቶ «ምንጭ፦ ጉግል» ብዬ ብለጥፍ ይበቃል? ከእንግሊዝኛ ራሴ የተረጎምኩት ጽሑፍስ የኔ ነው ማለት ነው?

ማራኪ ሰፈር
አይበቃም እህቴ። ጉግል ፎቶው ያለበትን ጠቆመሽ እንጂ አላነሳውም። የባለቤቱን ስም በትክክል ብትጽፊ እንኳ ስም መጥቀስ ሌላ፣ ፈቃድ ማግኘት ሌላ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጊ። ክሮም ላይ ፎቶውን ተጭነሽ ስትይዢው በጉግል ሌንስ የመፈለጊያ አማራጭ ይመጣል። ከዚያ ቲንአይ (አንድ ፎቶ የት የት እንደወጣ የሚፈልግ ድረ ገጽ) ላይ ጫኚውና ውጤቱን ከቆየው ጀምሮ ደርድሪው። እዚያ የምታዪው ቀን ግን ቲንአይ ምስሉን ያገኘበት ነው፣ የተነሳበት አይደለም። ስለዚህ ጥራቱ ከፍ ያለውንና ዳሩ ያልተቆረጠውን ቅጂ አስበልጪ፤ የፎቶግራፈሩ ስም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ጥጉ ሲቆረጥ ነው። ግራና ቀኙ የተገለበጠ ከመሰለሽ መልሰሽ ገልብጠሽ ፈልጊ።

ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የነጻ ፎቶዎች ማከማቻ ድረ ገጽ) ላይ ከሆነ ከፎቶው ሥር የፈቃዱ ዓይነት ተጽፏል። «ሲሲ ባይ» (ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ፈቃዶች አንዱ) ከሆነ ስም ጠቅሰሽ ትጠቀሚያለሽ። «ኤስኤ» ካለበት አሻሽለሽ ያወጣሽውንም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለብሽ። ኮመንስ የማይቀበላቸው፣ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ግን የሚያጋጥሙሽ ሁለት ገደቦችም አሉ። «ኤንዲ» ካለ የቀየርሽውን ማውጣት አይፈቀድም። አንቺን በጣም የሚመለከትሽ «ኤንሲ» ነው፤ ለንግድ አይሆንም ማለት ነውና ማስታወቂያ ያለበት ገጽ ላይ ተዪው። ከፎቶው ሥር እንዲህ ጻፊ፦ «ፎቶ፦ የአንሺው ስም፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ ሲሲ ባይ-ኤስኤ 4.0፣ ዳሩ ተቆርጧል»፤ ሊንኩንም ጨምሪ።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕሎች በተመለከተ፣ ሥዕሎቹ ከዘመናት በፊት የተሣሉ ስለሆኑ የቅጂ መብት አይዛቸውም። ፎቶውን ያነሳው ሰው ግን በፎቶው ላይ መብት ሊኖረው ይችላል።

ቀሃ ዳር
ስለ ትርጉሙ እኔ ልመልስ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመተርጎምን መብት የሰጠው ለደራሲው ነው። ጥበቃው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። አጭር ጥቅስ ግን ምንጩና ደራሲው ከተጠቀሱ ይፈቀዳል። የዊኪፒዲያ ጽሑፍም ምንጩን ጠቅሰሽ በዚያው ፈቃድ እስካወጣሽው ድረስ መተርጎም ይቻላል።

ሐቁ ግን የማንም አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ሐቁን ሊወስድ ሄዶ የሰውን አነጋገር ይዞ መመለሱ ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። ጽሑፉ «ንጉሡ ያሠራው መዋኛ በጥንታውያን ዛፎች ሥር ዓመቱን ሙሉ ጥምቀትን ይጠብቃል» ይላል እንበል። «ንጉሡ ያስገነባው መዋኛ በዕድሜ ጠገብ ዛፎች ጥላ ከዓመት ዓመት ጥምቀትን ይናፍቃል» ብትዪ ቃላቱን ለወጥሽ እንጂ አሳቡም፣ ቅደም ተከተሉም፣ መዋኛውን እንደሚጠብቅ ሰው ማየቱም የዚያው ጸሐፊ ነው። ከሐቁ ብትነሺ ግን «መዋኛው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ውኃ ይሞላል» ትያለሽ፤ ይሄ ያንቺ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐቁን ያገኘሽበትን ግን ጥቀሺ።

ሁለት ሦስት ጽሑፍ አንብቢ፣ ዝጊያቸው፣ ያስታወስሽውን በቁርጥራጭ ማስታወሻ ያዢ፣ ከማስታወሻው ጻፊ። ምንጩን የምትከፍቺው ስምና ዓመት ለማረም ብቻ ይሁን። ዓመት ላይ በጣም ተጠንቀቂ፤ የሚገለብጡ ሰዎች የሚጋለጡት እዚህ ነው። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበው 1979 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ 1972። «በ1979 ዓ.ም.» ብሎ የለጠፈ ሳያጣራ እንደገለበጠ ወዲያው ይታወቅበታል።

የአዘዞዋ
እግዜር ይስጥልኝ! ፎቶግራፈሩ ለመልእክቴ መልስ ባይሰጠኝስ?

ማራኪ ሰፈር
ዝምታ ፈቃድ አይደለምና ሌላ ፎቶ ፈልጊ። መልእክትሽ ላይ የፎቶውን ሊንክ፣ የት እንደምታወጪው፣ ማስታወቂያ እንዳለበትና ስሙ እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልግ አካቺ፤ ያኔ መልስ የማግኘት ዕድልሽ ይጨምራል። ፌስቡክ ላይ ከሆነ ደግሞ አውርደሽ መልሰሽ ከመጫን «ሼር» አድርጊው፤ ፖስቱ ከባለቤቱ ገጽ ጋር እንደተያያዘ ይቆያል። ቴሌግራም ላይ «ፎርዋርድ» የመጣበትን ቻናል ያሳያል፣ ግን ያ ቻናል ራሱ ሰርቆት ሊሆን ይችላልና አጣሪ።

ቀሃ ዳር
ያንቺንም ሊወስዱብሽ ይችላሉ። የራስሽን ፎቶ ዋና ፋይል ከካሜራው እንደወጣ አስቀምጪ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀንና ሌላው መረጃም ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ላኪው። የወሰደብሽን ካገኘሽ ደግሞ ኮሜንት ላይ ከመጨቃጨቅሽ በፊት ስክሪንሾት አንሺ፣ ሊንኩንና ቀኑን መዝግቢ፤ ቶሎ ያጠፉታልና። ከዚያ በፌስቡክ የቅጂ መብት ማመልከቻ ቅጽ ላይ ያንቺንም የእሱንም ሊንክ ለየብቻ አስገቢ።